ሥራ አጥ ማን ነው? በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የተመራቂ ሥራ ፈላጊዎችና የግል ሥራ ያላቸው የትዳር አጋሮቻቸው

ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀች፣ ባለቤቷ በከተማው አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት ያለው አንዲት ወጣት ለምሳሌ ትወሰድ። ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ስታነብና ማመልከቻ ስታስገባ ትቆያለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ስፌት ቤቱ ገብታ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ልኬት ትመዘግባለች፣ የተሰፋውን ትተኩሳለች። ደመወዝ የላትም። ይህች ሴት ሥራ አጥ ናት ወይስ አይደለችም? ከአምቦና ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የዚህ ጥያቄ መልስ እንደሚጠየቀው አካል ይለያያል። ለሥራ አጥ ተመራቂ ድጋፍ ይሰጥ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ መፈታት ያለበትም ይኸው ጥያቄ ነው።

በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት አበል የለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ቁጥር 102 ከሚዘረዝራቸው ዘጠኝ የዋስትና ዘርፎች አንዱ ይህ አበል ነው። የአገሪቱ የጡረታ ሥርዓት ግን በዋናነት እርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና የተተኪዎችን መብት ይሸፍናል። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት ፈንድ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው እስኪሻገሩ የሚያቆይ ገንዘብ አይከፍልም። ለአበሉ ጥቂት የሚቀርበው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ስሌቱ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ከፋዩ አሠሪው ራሱ በመሆኑ ተቀጥራ ለማታውቅ ተመራቂ ይህም ቢሆን ከቁጥር አይገባም።

እንዲህ ያለው ክፍተት የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ዳብሯል በሚባል ሥርዓትም አዲስ ተመራቂ በሁለት በሮች መካከል ይቆማል። በዩናይትድ ኪንግደም በመዋጮ ላይ የተመሠረተው የሥራ ፈላጊ አበል የትዳር አጋርን ገቢ አይመለከትም፤ ሆኖም ቀደም ብሎ በቂ መዋጮ ላልከፈለ ሰው አይሰጥም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለው ሌላው ድጋፍ መዋጮ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት በጋራ ያመለክታሉ፣ የሁለቱም ገቢ ተደምሮ ይታያል። የግል ሥራ ያለው አጋር ገቢና ወጪውን በየወሩ ማሳወቅ አለበት። ሥራውን ከጀመረ የ12 ወር ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ ገቢው ከተወሰነ መነሻ በታች ቢወርድ እንኳ መነሻውን እንዳገኘ ተቆጥሮ ሊሰላበት ይችላል። የሒሳብ መዝገብ መያዝ በተለመደበት አገር ሳይቀር የባለ ሱቅን ገቢ መለካት ይህን ያህል አስቸጋሪ ነው። አልጄሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ያለ መዋጮ ወርኃዊ አበል ጀምራለች፤ ወጪው ከመንግሥት ካዝና የሚወጣ በመሆኑ ለነዳጅ ላኪዋ አገር የሚቻለው ለሌላው ሁሉ ይቻላል ማለት አይደለም።

በምዕራብ ሸዋ ለተመራቂዋ የተከፈተው በር በቀበሌ ደረጃ የሚደረግ የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ ነው። ምዝገባው የሚያደርሰው ወደ ሥልጠና፣ ወደ መሥሪያ ቦታና ወደ ብድር እንጂ ወደ አበል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 995/2009 ያቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም የተነደፈው በዚሁ መንፈስ ነው። ፈንዱ ይፋ የሆነው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ መላውን ኦሮሚያ ካዳረሰ በኋላ እንደነበር ሲታሰብ፣ የዞኑ ከተሞች በጉዳዩ ውስጥ ያላቸው ስፍራ ቀላል አይደለም። የፖሊሲው ግምት ሥራ አጥ ማለት ነገ ነጋዴ የሚሆን ሰው ነው የሚል ነው። ባሏ ቀድሞውኑ ነጋዴ የሆነ ሴት በዚህ ግምት ውስጥ የት ትገባለች? በምዝገባው ስሟ ለብቻው ይታያል፣ ንግድ ፈቃዱም የባሏ ነውና ሥራ አጥ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች።

የቤተሰብ ሕጉ ግን ሌላ ይላል። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ሆነ የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያፈሩትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርጉታል። ፈቃዱ በአንዱ ስም ይሁን እንጂ ከስፌት መኪናው የሚወጣው ብር የሁለቱም ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም (አምቦ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አልነበረችም) ተጠቃሚ የሚለየው በቤተሰብ ነው፤ በዚህ ዓይን ሲታይ ተመራቂዋ ሥራ ያለው አባል ያለበት ቤት አባል ናት።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ ደግሞ ሦስተኛ መልስ ይሰጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. በተካሄደው 19ኛው የዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ የጸደቀው ትርጉም እንደሚለው፣ በመጠይቁ ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ በቤተሰብ የንግድ ሥራ ያለ ደመወዝ የሚያግዝም በዚሁ ይካተታል። ከሰዓት በኋላ ልኬት የምትመዘግበው ተመራቂ እንግዲህ ከሥራ አጦች ቁጥር ወጥታለች። የከተማ የሥራ አጥነት ምጣኔን የሚጠቅሱ ጥናቶች ይህን ሳያብራሩ ሲያልፉ ይታያል። በስፌት ቤት፣ በእህል መደብርና በሻይ ቤት የተጠለሉት ተመራቂዎች የሉም ማለት ግን አይደለም፤ የት እንደተቆጠሩ ማየት ያስፈልጋል። ሚስቱ ጉሊት ቸርቻሪ የሆነች ወንድ ተመራቂ ከሆነም ነገሩ ይብሳል፤ በዚያ ቤት ፈቃድም የለ፣ መዝገብም የለ።

የባለ ሱቅን ገቢ በመንግሥት እጅ ለመለካት በስፋት የተሞከረበት አጋጣሚ በአካባቢው አልተረሳም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በወቅቱ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበሩ ግለሰብ ነጋዴዎች በደረጃ "ሐ" ተመድበው ቁርጥ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ሽያጫቸውን ለማወቅ የቀን ገቢ ግምት ተካሄደ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ግምቱ ሲገለጽ አምቦን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴዎች በዝቶብናል ብለው ሱቃቸውን ዘጉ። የተገመተው ሽያጭ ሲሆን ቤተሰብ የሚያድርበት ትርፍ ነው፤ የጨርቅ፣ የክርና የኪራይ ዋጋ ሲቀነስ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ለበዓልና ለሠርግ ሰሞን በደንበኛ የሚጨናነቅ ስፌት ቤት በዐቢይ ጾም ሲቀዘቅዝም የአንድ ቀን ግምት ዓመቱን አይወክልም።

በትዳር አጋር ገቢ ላይ የሚመሠረት አበል ቢታሰብ ይህንኑ ግምት መልሶ ይፈልጋል። ያን ጊዜ አንዱ ቁጥር ሁለት አገልግሎት ይኖረዋል፦ ከፍ ሲል ግብር ይጨምራል፣ አበል ይከለክላል። ነጋዴው ገቢውን ዝቅ አድርጎ የሚያሳውቅበት ምክንያት እጥፍ ይሆናል፤ በሐቅ የሚያሳውቀው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከቤተሰብ ገቢ ይልቅ የግለሰቡን ሁኔታ መነሻ የሚያደርግ፣ በጊዜ የተገደበና ከሥራ ላይ ልምምድ ጋር የተያያዘ ክፍያ ይበልጥ የሚሠራ ይመስላል። ጉድለት አያጣውም፤ ባለጸጋ ባል ያላት ተመራቂም ታገኘዋለች። ያም ሆኖ ሊጣራ በማይችል ገቢ ላይ ተመሥርቶ ከመከልከል ይህ ስሕተት ይቀላል።

እስከዚያው ድረስ ተመራቂዋን የሚያቆያት ስፌት ቤቱ ነው፤ ዕቁቡና የወላጅ እጅም ይታከሉበታል። አበሉን የሚከፍለው በሌላ አነጋገር ባሏ ነው፤ ምላሹም ያልተከፈለው የከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ነው። ይህ ጉልበት በየትኛውም የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ አይጻፍም። ሁለት ዓመት ደንበኛ ስታስተናግድና ሒሳብ ስትይዝ የቆየችው የአካውንቲንግ ምሩቅ "የ2 ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ስታነብ ባዶ እጇን ናት። ባለቤቷ በጽሑፍ ውል ቀጥሯት የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ቢከፍልላት ማስረጃ ታገኝ ነበር፤ ወጪው ግን ከዚያው ከአንዱ ቤት ኪስ ይወጣል።