አበሉን ማን ያስተካክላል?

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ ፓርላማ ያጸደቀውን አዋጅ አልቀበልም አለ። አዋጁ በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር የሚጥል ነበር። ገማች ይመጣል ሲባል ባለርስቱ ጠመንጃውን አወረደ፤ መንግሥትም ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ላከ። ነገሩ ያበቃው ግን የጎጃም ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ነው፤ ኋላም የዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ። እዚህ አገር ከፓርላማ ለወጣ የገንዘብ ሕግ ይህን ያህል ብርቱ ምርመራ ያደረገ ቋሚ ኮሚቴ እስካሁን አልታየም።

ዛሬ ከእነዚያ ወረዳዎች የሚሰማው ጥያቄ ሌላ ነው። ገበሬው የሚከፍለውን ሳይሆን መምህሩ፣ ነርሱና ፖሊሱ የሚቀበሉትን ይመለከታል። ደሞዝ ሲጨመር ማን ይወስናል? ጡረታ የወጣውስ ሰው አበሉ በማን እጅ ነው?

ሁለት የቢቸና አብሮ አደጎች እንውሰድ። አንደኛው መምህር ሆኖ ሞጣ ሲያስተምር 30 ዓመት ሞላው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄዶ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ሁላችንም ኢሲኤ በምንለው ቤት፣ ጸሐፊ ሆኖ 30 ዓመት ሠራ። ሁለቱም ጡረታ ወጡ እንበል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ባስቀመጠው ቀመር መምህሩ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ድምሩ 55 በመቶ ነው። የሚሰላውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዙ ላይ ነው። የኢሲኤው ጸሐፊ ጡረታ የሚመጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የመንግሥታቱ ድርጅት የጡረታ ፈንድ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 1.5፣ ለተከታዮቹ አምስት 1.75፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 በመቶ እየታሰበለት 56.25 ይደርሳል። እሱም የሚሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ነው፤ ልዩነቱ ከመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ የተሻሉት 36 ወራት መመረጣቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ ሠራተኛ ጡረታ ከእኛው የሚበልጠው ቀመሩ ለጋስ ስለሆነ ነው የሚል እምነት ብዙ ሰው አለው። ቁጥሩ ግን ይህን አይልም፤ በመቶኛ ጎን ለጎን ናቸው። ደሞዛቸው በእርግጥ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። መዋጮውም ይለያል፦ መምህሩ 7፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ሲያዋጡ፣ እዚያ ሠራተኛው 7.9፣ ድርጅቱ 15.8 ያዋጣሉ። ዋናው ልዩነት የሚመጣው ግን ሁለቱ ከቢሮ ወጥተው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው።

የጸሐፊው አበል በየዓመቱ ሚያዝያ 1 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይታያል፤ የዋጋ ግሽበቱ 2 በመቶ ከደረሰ ይስተካከላል። ማንም ደብዳቤ አይጽፍም፣ ማንም ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ የምሥራች አይልም። አበሉ በዶላር የሚሰላለት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር የሚደርሰውም አብሮ ወጣ። የመምህሩ አበል ግን ውሳኔ ይጠብቃል። ውሳኔውም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

ታዲያ ፓርላማው የት አለ? በሁለቱም በኩል አለ፤ ሥራው ግን አይመሳሰልም። በኒውዮርክ የዓለም አቀፍ ሠራተኞችን ክፍያ የሚያጠና 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን አለ፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርባል። የጉባኤው አምስተኛ ኮሚቴ 193ቱ አባል አገሮች በሙሉ የሚቀመጡበት የበጀት መድረክ ነው፤ ኢትዮጵያም ወንበር አላት። እዚያ የሚከራከሩት በዋናነት በመለኪያው ነው። መለኪያው አንዴ ከጸደቀ የሚቀጥለው ሒሳብ ነው፤ ወሳኞቹም ራሳቸው ይታሰሩበታል። አውሮፓ ውስጥ ይህ በግልጽ ታይቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኅብረቱ አገሮች ሚኒስትሮች የኢኮኖሚ ቀውሱን ምክንያት አድርገው ለኅብረቱ ሠራተኞች በቀመሩ የወጣውን 3.7 በመቶ ወደ 1.85 አወረዱት። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ውሳኔውን ሻረው፤ ቀመሩን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁና አክብሩት ማለቱ ነበር።

የእኛ ተወካዮች ምክር ቤት የጡረታ አዋጅ ያወጣል። የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ወጣ፤ 714 በ2003፤ እሱን የተካው 1267 በ2014። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ባለድርሻዎች ይጠየቃሉ፣ ድምፅ ይሰጣል። የደሞዝ እርከኑን የሚወስነው ግን አስፈጻሚው ነው፤ ምክር ቤቱ የሚያገኘው ሒሳቡን ነው። በ2017 ዝቅተኛው ደሞዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ጭማሪው ከጥቅምት ጀምሮ እንደሚከፈል ተነገረ፤ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ የሆነው ተጨማሪ በጀት ምክር ቤቱ ዘንድ የጸደቀው በኅዳር ነው። ቃሉ ቀድሞ ወጥቶ ገንዘቡ ኋላ ሲቀርብ፣ የትኛው እንደራሴ ነው እጁን አውጥቶ የሠራተኛ ጭማሪ አላጸድቅም የሚለው?

ሕገ መንግሥቱ በዚህ አይሰስትም። አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። እኔ የቢቸና ወይም የሞጣ ተመራጭ ብሆን ስለ ጭማሪው መጠን አልጠይቅም፤ ስለ ፈንዱ እጠይቃለሁ። የጡረታው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በብዛት የተቀመጠው በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ ወለዱም ከግሽበቱ በታች ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የሞጣው መምህር መዋጮ ምን ያህል ዋጋ እንዳጣ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መዋጮውን በየወሩ የሚቆርጠው ደሞዙን የሚከፍለው ወረዳ ነው፤ ገንዘቡ ግን ወደ ፌዴራሉ ፈንድ ስለሚሄድ ከባሕር ዳር ምክር ቤት ይልቅ የአዲስ አበባው ነው የሚመለከተው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ እሱ ከአማካዩ ይነሣል። የሦስት ዓመት አማካይ ማለት በጥቅምት 2017 ያደገ ደሞዝ ሙሉ በሙሉ ጡረታ ውስጥ የሚቆጠረው ለጥቅምት 2020 ጡረተኛ ነው ማለት ነው። በ2018 መጀመሪያ ዝቅተኛው ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ቀኑ ወደ 2021 ተገፋ። እኩል ዓመት አገልግለው፣ አንዱ በነሐሴ 2016፣ ሌላው ከአምስት ዓመት በኋላ የወጡ ሁለት መምህራን በአንድ ባንክ ሰልፍ ላይ የሚቆሙት በጣም የተለያየ ደብተር ይዘው ነው፤ ቀድሞ የወጣውን የሚያስጠጋ ማስተካከያ ካልተወሰነለት በቀር።