ለሌላኛው ክፍል የትኛው ስፒከር? ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ?

ሳሎን ውስጥ ቲቪው ዜና ያወራል። አያታችሁ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከመኝታ ክፍላቸው ብዙም አይወጡም፤ ዜናው ግን እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ማታ ማታ ቲቪው እስከ መጨረሻ ይከፈታል። ለፈተና የሚያጠናው ወንድማችሁ ይበሳጫል፤ አያታችሁም የሚደርሳቸው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ በመጠኑ ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ግን ያስቀረዋል። ቃልን ከቃል የምንለይባቸው እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ድምፆች ደግሞ ቀጭኖቹ ናቸው።

መፍትሔው ለእሳቸው ክፍል አንድ ስፒከር መግዛት ነው። ግን የትኛውን? ብዙ ሰው «የቱ ጥሩ ድምፅ አለው?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሁለቱ ክፍሎች የሚሰሙት አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?

ብሉቱዝ ለምን ይዘገያል?

ብሉቱዝ ድምፁን እንዳለ አይልከውም። ቲቪው ወይም ስልኩ ድምፁን በቁጥር መልክ ይጨምቀዋል፣ በትንንሽ ጥቅል ይከፋፍለዋል፣ ከዚያ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ይልከዋል። ይህ ሰፈር የተጨናነቀ ነው፤ ዋይፋይም፣ የማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ብሉቱዝ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ቻናል እየቀያየረ ግርግሩን ይሸሻል። የተበላሸ ጥቅል ካለ እንደገና ይላካል። ስፒከሩም ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብሎ የተወሰኑ ጥቅሎችን አጠራቅሞ ነው ማጫወት የሚጀምረው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ በተለመደው ብሉቱዝ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ናትና ምንም አይመስልም አይደል? እስቲ አስሉት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ150 ሚሊሰከንድ 51 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ የብሉቱዙ ስፒከር ከቲቪው 51 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ያህል ይዘገያል።

ጆሯችን ትንሽ መዘግየትን ይታገሳል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ንግግር ተደግሞ ከ30 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሲደርሰን እንደ አንድ ድምፅ ነው የምንሰማው። ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ግን ማሚቶ ይሆናል። በሩ ክፍት ከሆነ አያታችሁ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ታዲያ ይሄ ከጉምጉምታው በምን ተሻለ?

ገመዱስ?

በገመድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱ 10 ሜትር ለመሄድ ከአንድ ማይክሮሰከንድ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስድበት። መዘግየት የለም ማለት ይቻላል።

የገመድ ችግሩ ሽቦው ራሱ ጉልበት መብላቱ ነው። ስፒከሩ 10 ሜትር ቢርቅ፣ ምልክቱ ሄዶ ስለሚመለስ 20 ሜትር መዳብ ያቋርጣል። የሽቦው ውፍረት 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.7 ኦም ገደማ ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 8 በመቶ የሚሆነው ጉልበት ሽቦው ላይ ይቀራል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። የ8 በመቶውን ልዩነት እንኳ ጆሮ አይለየውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «ልዩ» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ገመድ አያስፈልጋችሁም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ሁለት ባለ8 ኦም ስፒከሮች አንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ ለአምፕሊፋየሩ 4 ኦም ይሆኑበታል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ኦም ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን በላይ ይግላል። ሁለተኛ፣ የስፒከር ሽቦን የመብራት ሽቦ ባለበት ቱቦ ውስጥ አታሳልፉ፤ አደጋ አለው።

«ገመድ አልባ» የሚለው ስም

ስሙ ትንሽ ያታልላል፤ ገመድ አልባ ስፒከርም ወይ ሶኬት ወይ ቻርጅ ይፈልጋል። ቢሆንም ባትሪ ያለው ስፒከር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ መብራት ሲጠፋ ከስልክ ጋር ሆኖ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የባለገመዱ አምፕሊፋየር ግን ዝም ይላል። በሌላ በኩል፣ ብዙ የብሉቱዝ ዕቃዎች የሚደርሱት ገላጣ ቦታ ላይ እስከ 10 ሜትር አካባቢ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ የብረት በር ደግሞ ወደመጣበት ይመልሰዋል። ብዙ ቲቪዎችም ብሉቱዝ ሲገናኙ የራሳቸውን ድምፅ ስለሚያጠፉ፣ አያታችሁ ሲሰሙ ሳሎን ያለው ሰው ላይሰማ ይችላል።

ታዲያ የቱን?

ሁለቱ ክፍሎች ያንኑ ዜና በተመሳሳይ ሰዓት የሚሰሙ ከሆነ፣ በሩም የሚከፈት ከሆነ ገመድ ዘርጉ። አያታችሁ ለብቻቸው ሬዲዮ ወይም መዝሙር የሚሰሙ ከሆነ ብሉቱዙ ይበቃል፤ የሚነጻጸር ሌላ ድምፅ ስለሌለ መዘግየቱን ማንም አያውቀውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የብሉቱዝ ስፒከር ከጓደኛ ተዋሱና ክፍላቸው ውስጥ አስቀምጡት። ስልኩን ሳሎን ትታችሁ በሩን ዝጉና ይቆራረጥ እንደሆነ አዳምጡ። ከዚያ በፊት ግን አያታችሁን ጠይቋቸው። እናንተ ስለ ገመድ ስትጨነቁ፣ ምናልባት እሳቸው የሚፈልጉት የሳሎኑን ዜና ሳይሆን የራሳቸውን ሬዲዮ ሊሆን ይችላል።