ስምና ደም

ለሕመምተኛ ደም ከመሰጠቱ አስቀድሞ የለጋሹ ደም ከተቀባዩ ጋር መስማማቱን መመርመር፣ ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን ልዩነት ከገለጠ ወዲህ እየጸና የመጣ፣ በላቦራቶሪ ሞያ የተሰማራን ሁሉ የነፍስ አደራ አድርገን የምንጠብቀው ሥርዐት ነው። በምሠራበት ላቦራቶሪ ይህ ዛሬም በእጅና በዓይን ይፈጸማል፤ የተቀባዩን ፕላዝማ ከለጋሹ ቀይ ሕዋሳት ጋር በቱቦ ቀላቅለን፣ በሴንትሪፊዩጅ አዙረን፣ ሕዋሳቱ መጓጎል አለመጓጎላቸውን በብርሃን ፊት እንመለከታለን። እነሮቢን ኩምብስ እ.ኤ.አ. በ1945 ያስገኙት ምርመራ ሲጨመርበት ሥራው እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ወልዳ ደሟ አልቆም ላላት እናት ደግሞ አንድ ሰዓት እጅግ ረጅም ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ብዙ ሐኪም ቤቶች ይህን የመጨረሻ ምርመራ ኮምፒዩተር ተክቶታል፤ የተቀባዩን መዝገብ ከከረጢቱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ፈቃዱ ግን በጽኑ ሕግጋት የታጠረ ነው፤ የተቀባዩ የደም ዓይነት ሁለት ጊዜ መለየት፣ የከረጢቱም ዳግመኛ መረጋገጥ፣ በፕላዝማው ውስጥ አደገኛ ፀረ እንግዳ አካል ዛሬም ሆነ ቀድሞ አለመገኘቱ መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የወለደች ወይም ደም የተሰጣት እናት እንዲህ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ይዛ ልትገኝ ስለምትችል፣ ለማጣራት የሚያገለግሉት ሕዋሳት በሌሉበት ቤት ኮምፒዩተሩ ብቻውን ደም ሊያስወጣ አይገባውም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስም ነገር ነው። የጅማው ሄርማታ ከንጉሡ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የየአገሩ ነጋዴ ሲገናኝበት የኖረ ገበያ እንደመሆኑ፣ ዛሬም ከዳውሮና ከከፋ፣ ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣውን ሁሉ ስለሚቀበል፣ በቡና ለቀማ ወራት ወደ ሐኪም ቤት ከሚገቡት መካከል ዘመድ ያልተከተላቸው፣ ዕድሜአቸውንም በግምት የሚናገሩ ጥቂቶች አይደሉም። የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት መሐመዶች በአንድ ማለዳ ናሙናቸው ሊመጣ፣ የአንዱም ሰው ስም ካርድ ክፍል በቁቤ፣ ላቦራቶሪ በፊደል ተጽፎ ለመዝገቡ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ናሙናው ከሌላ ሰው ተቀድቶ ከሆነ ቱቦውም ኮምፒዩተሩም «ተስማምቷል» ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም የሚመሰክሩት ለቀረበላቸው ደም እንጂ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው አይደለምና። ዓይነቱ የማይስማማ ደም ሲገባ ቀይ ሕዋሳቱ በሥር ውስጥ ይፈርሳሉ፣ ኩላሊት ይታወካል፣ ሞትም ሊከተል ይችላል።

ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በነፍስ ላይ ለመፍረድ እንደሚያመነታ ሁሉ፣ እኛም በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ባለሞያ እጅ የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና መሻት ይገባናል። ድካም ያሸነፋት እናት «ወይዘሮ እገሊት ነዎት?» ስትባል ራሷን በአዎንታ ልትነቀንቅ ትችላለችና፣ በሚገባት ቋንቋ «እናቴ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ብሎ ከራሷ አፍ መስማት፣ ስሙንም ከነካርድ ቁጥሩ ከአልጋዋ ሳይርቁ በቱቦው ላይ መጻፍ፣ ደሙ ሊሰቀልም ሲል ይህንኑ መድገም ያሻል።

ኮምፒዩተሩ ወደ አገራችን ላቦራቶሪዎች በስፋት እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ፤ ሌሊቱን ብቻውን የሚሠራውን ባለሞያ ያግዛል፣ ድካምም የሚያስረሳውን ያስታውሳል። ነገር ግን የሚያምነው እኛ የጻፍንለትን ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚገዛበት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ሁለተኛ ናሙና መቅዳትንና ለአንድ ሕመምተኛ አንድ የማይለወጥ ቁጥር መስጠትን ዛሬውኑ እንጀምር፤ ይህን ሳናደርግ መሣሪያው ቢመጣ ስሕተታችንን ያፋጥነዋል እንጂ አያርመውም።