ወገብ ሲያም፣ ራስ ሲያዞር

ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊቴ ነው» ይላል፤ ያዞረው ደግሞ «ግፊቴ ተነሳ»። ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሲመጡ ግን እነዚህ ግምቶች ብዙ ጊዜ ይስታሉ። አብዛኛው የወገብ ሕመም የሚነሳው ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ ነው። የደም ግፊት መጨመርም ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። የወገብ ዲስክ መንሸራተት ቢያምም በራሱ አያዞርም፤ ሚዛን የሚጠበቀው በውስጠኛው ጆሮ፣ በዓይንና በአንጎል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ለማወቅ የትኛው እንደቀደመ ማስታወስ ይጠቅማል።

ማዞሩ የመጣው የወገብ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ከሆነ መድኃኒቱን እንጠርጥር። ትራማዶልም ሆነ ጡንቻ የሚያፍታቱ ክኒኖች ያዞራሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ቁስሉ ለሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ ቢደማ ሰውየው ደም ያንሰዋል፤ ይደክመዋል፣ ያዞረዋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። እነዚህን ክኒኖች ያለ ሐኪም ምክር ደጋግሞ ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማዞሩ ከተኙበት ሲነሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ይሆናል። ወገቡን አሞት ለቀናት የተኛ፣ ውሃ በደንብ ያልጠጣ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህ ያጋጥመዋል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ግፊት ተኝተው ይለካል፣ ከዚያም በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራስ ማቋረጥ አይገባም።

ሁለቱ ባንድ ጊዜ ድንገት ሲጀምሩ ጉዳዩ ይከብዳል። ጎን ሲወጋ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር፣ ሽንት ሲያቃጥል ያን ጊዜ በእርግጥም ኩላሊት ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ወገቧንና ሆዷን አሟት ካዞራት፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ውስጥ ለውስጥ እያደማት ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከ65 በላይ በሆነ በተለይም በሚያጨስ ወንድ ላይ ድንገተኛ ከባድ የሆድና የጀርባ ሕመም ከመጣ፣ ትልቁ የደም ቧንቧ የመቀደድ ሥጋት አለ። በትከሻና በትከሻ መካከል የሚያም፣ ደረት የሚጫንና የሚያልብ ከሆነም ልብ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ማሸትም ሆነ እስኪነጋ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ፣ መጓጓዣ ከሌለ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ያስፈልጋል።

አስቸኳይ ላልሆነው ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ማዞሩ መቼ እንደጀመረና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስም ይንገሩት።