ለሞተር ብስክሌት የመውደቂያ መከላከያ ስለ መምረጥ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ ይኸውም በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡና በጪራ፥ ሞተር ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የንግድ መሣሪያ ነው። ቡና ገዥው ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው፥ ባለሱቁም ጥቂት ዕቃ ይዞ ወደ ገጠር ገበያ የሚወርደው በእርሱ ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ በጆንያ ውስጥ እየሞቀ ይብላላል፤ ቀማሹም የኮመጠጠውን ጣዕም ወዲያው ያውቀዋል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር አንድ ሞተር ብስክሌት ወድቆ የሞተሩ ጎን ክዳን ቢሰነጠቅና ዘይቱ ቢፈስ፥ የሚጠፋው የክዳኑ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የቀኑም ንግድ ነው።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ የሚሸጡት መከላከያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ሁለቱ በመልክም ሆነ በአሠራር የተለያዩ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ መግጠም ግን ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ስሙ «ስላይደር» የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ተንሸራታች ማለት ነው። ከናይለን ወይም ከሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ድብልብል ጉብታ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ብሎን ላይ በግራና በቀኝ ይታሰራል። የታሰበውም ለእሽቅድምድምና ለፈጣን የስፖርት ሞተር ብስክሌት ነው። ብስክሌቱ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲወድቅ ፕላስቲኩ መሬቱን እየነካ ይፈገፈጋል፤ የሚያልቀውም እርሱ እንጂ የሞተሩ ክዳን ወይም የጎኑ ልብስ አይሆንም። ካለቀ በኋላ በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል።

ዳሩ ግን ስላይደር የሚጠቅመው የሚንሸራተትበት ጠንካራና ለስላሳ መሬት ሲያገኝ ነው። በቀይ አፈር ጭቃ፥ በኮረት መንገድና በቦይ ዳር ጉብታው እንደ ካስማ ተተክሎ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ የብስክሌቱ ክብደትና የጉዞው ኃይል በአንድ ብሎን ላይ ያርፋል፤ ጉብታው በረዘመ መጠንም እንደ መፈንቀያ ዘንግ ሆኖ ብሎኑን ያጣምማል። ብሎኑ ብቻ ቢጎብጥ ጉዳቱ ቀላል ነው። ነገር ግን ሻንሲው ወይም የሞተሩ ማሠሪያ ቢሰነጠቅ፥ ክዳን ለማዳን የተገዛው ዕቃ ብስክሌቱን በሙሉ አሳጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በሞተሩ ዙሪያ የሚታሰር የብረት ቱቦ ነው። ይህ የሚይዘው በሁለት፥ በሦስት ወይም ከዚያም በበለጠ ቦታ ስለ ሆነ ኃይሉን ይከፋፍለዋል። በጠባብ የቡና መንገድ ላይ መውደቅ ብዙውን ጊዜ በዝግታ፥ ወይም ጭነት ሲያጋድል ቆሞ ሳለ ነው። እንዲህ ላለው መውደቅ የብረቱ ቱቦ ይስማማል። የጃፓኑ ያማሃ ለእርሻ ሥራ ያዘጋጀው ኤጂ 100 የሚባለው ሞተር ብስክሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለሞተሩ የብረት ቱቦ፥ ለፍሬንና ለፍሪሲዮን መያዣዎች መጠበቂያ፥ በግራና በቀኝ ደግሞ መቆሚያ አድርጎለታል። ለጭቃና ለማሳ የታሰበ ብስክሌት ቱቦ እንጂ ስላይደር አልተሰጠውም።

እንግዲህ የምርጫው መሠረት የዕቃው ውበት ሳይሆን ብስክሌቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ የሚጓዝ፥ የጎን ልብስ ያለው የስፖርት ብስክሌት ስላይደር ቢገጠምለት ተገቢ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ማሳ የሚገባ የሥራ ብስክሌት ግን የብረት ቱቦ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም መንገድ የሚጠቀም የስፖርት ብስክሌት ካለ፥ በአንድ ብሎን ላይ ብቻ ከቆመው ስላይደር ይልቅ በሰሌዳ ብረት ሁለት ቦታ የሚያዘውንና አጭሩን መምረጥ ይሻላል።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት የብስክሌቱን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት መግለጽ አለበት። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚቀርበው መከላከያ ብዙውን ጊዜ ለአንዱም በሚገባ አይሆንም። ይልቁንም ብሎኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ የጃፓን ብስክሌቶች ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በብረታ ብረት ሱቅ በብዛት የሚገኘው ግን የ1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በግድ ቢጠብቁ ግን የሞተሩን ጥርስ ይበላሉ። ስለዚህ ትእዛዙ ብሎኑን፥ ዳዶውን፥ ሮንዴላውንና የብረት ቀለበቱን አሟልቶ የያዘ፥ ለስላይደርም መለዋወጫ ፕላስቲክ የተጨመረበት ይሁን። በብሎኑ ራስ ላይ እንደ 8.8 ወይም 10.9 ያለ ቍጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህ የብሎኑን ጥንካሬ የሚያመለክት ስለ ሆነ ፋብሪካው ካዘዘው መለየት አይገባም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ሳይገጥም ቀርቶ በመጋዘን የሚተኛ ዕቃ ኪሳራው ከበድ ያለ ነው። አስቀድሞ አንድ ናሙና አስመጥቶ መሞከር ከዚህ ያድናል።

ባለሱቁም ሲገዛና ሲሸጥ የሚከተሉትን ይመርምር።

1ኛ/ በስላይደር ላይ የብሎኑ ራስ በፕላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ የገባ መሆን አለበት። ራሱ ወደ ላይ ከቀረበ ፕላስቲኩ ጥቂት እንዳለቀ ብረቱ መሬቱን ይነካል።

2ኛ/ የብረቱ ቱቦ ከተገጠመ በኋላ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይዙር፤ የፊቱም ሞላ ወደ ታች ይጫን። ጎማው ቱቦውን ከነካ መከላከያው የብስክሌቱ አይደለም።

3ኛ/ ቱቦው የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን መሸፈን፥ ወይም ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነፋስ መከልከል የለበትም።

4ኛ/ ወርዱ ከመሪው ወርድ ማለፍ የለበትም። ከመጠን በላይ የሰፋ ቱቦ በቡና ዛፍ መካከል ሲያልፉ ግንድ ይይዛል።

5ኛ/ ሁለት ሰዎች ብስክሌቱን ይዘው በቀስታ ወደ አንድ ጎን፥ ቀጥሎም ወደ ሌላው ጎን ያስተኙት። መጀመሪያ መሬት የሚነካው መከላከያው ከሆነ ዕቃው ተስማምቷል፤ የሞተሩ ክዳን ከሆነ ግን ገንዘቡ በከንቱ ወጥቷል።

የብረቱ ቱቦ በአገር ውስጥ ብየዳ ቤትም ሊሠራ ይችላል። ይህ ምንዛሪ የሚያድን፥ ለእጅ ባለሙያውም ሥራ የሚሰጥ ነው። ሆኖም ቱቦው በብሎን ይታሰር እንጂ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ አይበየድ። የብየዳው ሙቀት የሻንሲውን ስስ ብረት ያዳክመዋል፤ በኋላም ቱቦው ሲጎብጥ ሻንሲው አብሮ ይጎብጣል። በብስክሌቱ ላይ ሌላ ብየዳ ግድ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ መፈታት አለበት። ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ እንደ ገና ይጥበቁ፤ በክረምትም በብየዳው ስፌት ላይ የሚቀመጠው ጭቃ ዝገት እንዳያመጣ ይታጠብ።

በመጨረሻ ሻጭ ለገዥ በእውነት ሊነግረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እነዚህ መከላከያዎች የብስክሌቱ ናቸው እንጂ የሰውየው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የወጣው፥ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየቦታው የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት ይህን አሳይቷል። የብረቱ ቱቦ በቁርጭምጭሚትና በእግር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቢቀንስም፥ በጕልበት፥ በቅልጥምና በጭን ላይ የሚደርሰው ደግሞ ስለሚጨምር አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። ስለዚህ «ይህን ከገጠምህ እግርህ ይተርፋል» ብሎ መሸጥ ትክክለኛ ንግድ አይደለም። መከላከያ የሚገዛ ደንበኛ የራስ ቁርና ጠንካራ ጫማ እንዳለው መጠየቅ ግን ለሱቁ ገቢ፥ ለደንበኛውም ሕይወት ይበጃል።

በአጭሩ፥ ስላይደር ለአስፋልት፥ የብረት ቱቦ ለጭቃ፥ የራስ ቁር ለሁሉም መንገድ ነው። ይህን ለይቶ የሚያዝ አስመጪና ለይቶ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ቡናው ሲደርስ ደንበኛው በመንገድ ዳር እንዳይቀር ረድቶታል፤ ደንበኛውም በሚቀጥለው ዓመት ወደ እርሱ ይመለሳል።