በሳምንት 1000 ቃል?

«በሳምንት 1000 የእንግሊዝኛ ቃል ይወቁ» የሚል ማስታወቂያ ያልደረሰበት የተማሪ ስልክ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ያለ አይመስለኝም። በቀን 143 ቃል መሆኑ ነው። ይሁን፣ አንዱ ብርቱ ልጅ ሸመደደው እንበል። በቀጣዩ ሳምንት ስንቱን ያገኘዋል? ማስታወቂያው ይቺን ጥያቄ አይነካትም።

በአማራ ክልል አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ ይማራሉ፤ 9ኛ ላይ ሲደርሱ ግን ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር መጥቶ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከቤት እየመጣለት የሚማረውን ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» አይጥለውም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያብራራዋል። የሚጥለው ማንም የማያብራራው መካከለኛ ቃል ነው፦ «ሪኳየር»፣ «ኦከር»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ሪሊስ»። ኒውዚላንድ ውስጥ አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ለቅማ 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር) አወጣች። በትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ከአስር ቃል አንዱ ገደማ ከእነዚህ ነው። ስለዚህ 1000 ቃል ከማለት በፊት የትኛው ቃል ማለት ይቀድማል።

አሁን ወደ አእምሮ። መርሳትን ቆጥሮ ያሳየን ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እየፈጠረ ራሱ ላይ ሞከረ፤ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን፣ ኋላ ዝግ ያለ መሆኑን አሳየ። ጥናትን በቀናት መከፋፈል በአንድ ጊዜ ከመጋት እንደሚሻልም ከዚያው ሥራ ይታያል። የሰኔንና የሐምሌን ዝናብ በአንድ ሌሊት ብታወርደው አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል እንጂ በቆሎ አያበቅልም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙከራ ነው። ካርፒክ እና ሮዲገር የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቻቸው ጋር ሰጡ። ሁሉም እያንዳንዱን ቃል ቢያንስ አንዴ በትክክል እስኪመልሱ ተማሩ። ከዚያ ወዲያ ገሚሶቹ የመለሱትን ቃል እንደገና አልተጠየቁም፣ ቢበዛ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ግን በየዙሩ መጠየቃቸው ቀጠለ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ እየተጠየቁ የቆዩት 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ያልተጠየቁት አንድ ሦስተኛውን ገደማ ብቻ። ተጨማሪ ንባቡ ለውጥ አላመጣም ማለት ይቻላል። የሚገርመው ደግሞ፣ አስቀድመው ሲጠየቁ ሁሉም ምድብ የገመተው ተመሳሳይ ነበር፤ ግማሹን ያህል እናስታውሳለን ነበር ያሉት። ደጋግሞ ያነበበ ሰው ገጹን ስለለመደው ያወቀ ይመስለዋል። ቃሉን የሚያጸናው ከውስጥ ፈልጎ የማውጣቱ ጥረት ነው፤ ትንሽ መጨነቁ ራሱ ሥራው ነው።

የቆሎ ተማሪ ይህን ከማንም በፊት ኖሮበታል። የቃል ትምህርቱን ሲመሽ፣ መጽሐፍ ሳይዝ ይወጣል፤ ሲሳሳት ይታረማል።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ፤ የቃላት ተመራማሪዎች ገና የሚከራከሩበት ሜዳ ነው። የስዋሂሊው ሙከራ የለካው ፍቺን ነው፤ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ በቦታው ማስገባት ሌላ እውቀት ነው። «የቃል ቤተሰብ» የሚለው አቆጣጠርም ያወዛግባል፦ «ዲሳይድ»ን ያወቀ ልጅ «ዲሲዥን»ን ያውቃል ብሎ ይቆጥራል፣ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ያያል። ስለዚህ 570 ሲባል በልጁ ትከሻ ላይ ከዚያ በጣም ይበዛል። ስቲቨን ክራሽንን የመሰሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ዝርዝሩን ትታችሁ ልጁን አስነብቡት ይላሉ። ሌላው የቃላት ተመራማሪ ፖል ኔሽን ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነው። እኔ ወደ ኔሽን አደላለሁ፤ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ በሚዳረስበት ክፍል «አስነብቡት» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም።

ስለዚህ የ1000 ቃሉን ማስታወቂያ ከስልካችሁ አጥፉት። ደብተር አጥፎ እንግሊዝኛውን ግራ፣ አማርኛውን ቀኝ መጻፍ፣ አንዱን ጎን ሸፍኖ ሌላውን መጠየቅ ምንም አያስወጣም። በቀን አስር ቃል ይበቃል፤ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እየተመለሱ መጠየቅ እስካለ ድረስ። መምህራንም፣ ሰኞ ያስተማራችሁትን ሐሙስ ሳትነግሯቸው ጠይቋቸው፤ ማርክ ግን አትያዙበት።