ለማይጨበጥ መሣሪያ 54,000 ብር

ሶፍትዌር ለመሥራት የሚገዛው ሶፍትዌር ዋጋው በዛ ወይስ ተገቢ ነው? ይህ ጥያቄ ድሮ የባለሙያዎቹ ብቻ ነበር፤ አሁን ወደየቤታችን ገብቷል። በየሰፈሩ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሮ የሚያነጋ ልጅ አለ፤ ከፋዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ እንጂ የሙያው ሰው አይደለሁም። ይሁንና ሁለተኛው ልጄ ፕሮግራመር ነው፤ የቤታችን ወጪም በእኔ እጅ ያልፋል።

ኮድ በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ሊጻፍ ይችላል አሉ። ባለሙያዎቹ የሚከፍሉበት መሣሪያ ግን ስህተትን ገና ሲጻፍ ያሳያል፣ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እያስኬደ ችግሩ የት እንዳለ ያስመረምራል። ለእኔ የገባኝ፣ በሽታን በምልክት ብቻ በመገመትና የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ በመለየት መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ያለ ላቦራቶሪም ይሠራል፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ያስታል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮፌሽናል የተባለውን መሣሪያ በወር 45 ዶላር ያስከፍላል። በዓመት 540 ዶላር መሆኑ ነው። አንዱን ዶላር በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 54,000 ብር ይመጣል፤ የባንኩ ዋጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይኸው ክፍያ 31,000 ብር አይሞላም ነበር። በዶላር የተጻፈው ቁጥር ሳይነካ የእኛ ሸክም በእጅጉ ከብዷል። አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ብዙ ፕሮግራመሮች 45 ዶላር የአንድ ሰዓት ደመወዝ እንኳ አይሞላም። እኔ ግን የጡረታ ደብተሬን ሳስበው ሳቄ መጣ።

ዋጋ ከምን እንደሚነሣ ማሰብ የጀመርኩት በሥራዬ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በዓመት 350 ዶላር አቀረበ። በአገራችንም መጀመሪያ በክፍያ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። በክፍያው ጊዜ በሬ ሸጠው የጥቂት ወር መድኃኒት የገዙ ቤተሰቦችን አይቻለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ ቀጠሯቸውን ይተዋሉ። ክኒኑ ያው ክኒን ነው፤ ያነሰው ዋጋው ነው።

ሶፍትዌር ከክኒንም ይብሳል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ሌላ ቅጂ ማውጣት የሚያስወጣው ከምንም አይቆጠርም፤ ወጪው ያለው የሠሪዎቹ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ ማስከፈላቸውን አልቃወምም፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ዋጋ ቀንሶ ብዙ ሰው ማግኘትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦርላንድ ቱርቦ ፓስካልን በ49.95 ዶላር ሲያወጣ፣ ሌሎች ተመሳሳዮቹን በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። ገበያው ወደ ቦርላንድ ጎረፈ።

ልጄ ባለፈው ዓመት እቁብ ሲደርሰኝ፣ «እማዬ፣ የመሣሪያ ክፍያ አበድሪኝ» አለኝ። «መሣሪያው የታለ?» ብለው ወደ ስክሪኑ ጠቆመኝ። በነፃ የሚገኝ እንደማይጠፋ ሰምቼ ስለነበር አጥብቄ ጠየቅሁት። እውነትም ሞልቷል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነፃ ነው፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ነፃ ነው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊትም ነፃ ነው። ጤና ጥበቃ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 እንኳ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። (በእኛ ጊዜ ሪፖርት ማለት በእርሳስ ጭረት እየቆጠሩ እስከ ማታ ማምሸት ነበር።)

«ታዲያ ነፃው ምን ጎደለው?» አልኩት። የሚሠራበትን መሣሪያ ነፃ ቅጂ፣ ማለትም ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲን፣ አንድ ግለሰብ ለራሱ ሥራ ሊጠቀምበት፣ የሠራውንም ሊሸጥ ይፈቀድለታል። ለትልቅ ድርጅት በኮንትራት የሚሠራ ሰው ግን ለዚያ ሥራ እንዳይጠቀምበት ውሉ ይከለክላል። ልጄ ደግሞ ከውጭ አገር ትልቅ ድርጅት ሥራ አግኝቷል። እኔ ሆስፒታል ስሠራ መርፌና ጓንት ከቤትሽ ይዘሽ ነይ ያለኝ አለቃ የለም። «አሠሪህ ለምን አይከፍልም?» አልኩት። መጠየቅ አፍሮ ነበር፤ «አላዋቂ ያስመስለኛል» ብሎ። ጻፈላቸው። ከሚቀጥለው ውል ጀምሮ ክፍያውን እንደሚሸፍኑ መለሱለት። ለመሀሉ ሦስት ወር አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፈለችልን፤ እኛ በርበሬና ሽሮ ላክንላት።

በየፍላሹ የሚዞረውን ክራክ የተባለውን የተሰረቀ ቅጂ ግን ቤቴ አላስገባም ብያለሁ። አንድ ጓደኛው በዚያ ሰበብ ቫይረስ ገብቶበት የስምንት ወር ሥራው ተበልቷል። እኔ መለያው የተላጠ መድኃኒት ለታካሚ ሰጥቼ አላውቅም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ዋጋው በዛ ወይ ለሚለው፣ ለድርጅት አልበዛም፤ ገና ደንበኛ ላላገኘ የአዲስ አበባ ልጅ ግን በጣም በዝቷል ባይ ነኝ። ሻጮቹ የከፋዩን አገር ገቢ አይተው ቢተምኑ አይከስሩም ነበር። ጄትብሬይንስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዌብስቶርምና ሪደር የተባሉትን መሣሪያዎቹን ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነፃ ማድረጉ ደግ ጅምር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን አትርሱ፤ ይኸው ጄትብሬይንስ የሚሸጣቸውን መሣሪያዎች ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣል። ጥቅሙ ያለው ተማሪነቱ እስካለ ድረስ ስለሆነ፣ ማመልከት ያለበት ሳይመረቅ ነው።